የቮልስ የፊት መብራት ሲደክም፦ በሪሌ ጉልበቱን የመመለስ ሥራ

የመስከረም መጀመሪያ ነበር። ከሐሙሲት ወደ ባሕር ዳር ስመለስ መሸብኝ። ዝናቡ አባርቷል፤ አስፋልቱ ግን ገና እርጥብ ነው። እርጥብ አስፋልት ብርሃን ይውጣል። መብራቴ በርቷል፤ የሚታየኝ ግን ከኮፈኑ ፊት ያለች ቢጫ ጭላንጭል ብቻ ናት። ድንገት አንዲት አህያ መሀል መንገድ ላይ ቆማ አገኘኋት። ከጎኗ ጋቢ የተከናነበ ልጅ አለ። ፍሬን ይዤ ልደርስባቸው ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ቆምኩ። ልጁ አህያዋን ነድቶ አለፈ። እኔ ግን መኪናውን ዳር አስይዤ ትንሽ ቆየሁ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በማግስቱ አዲስ አምፖል ገዝቼ ገጠምኩ። ለውጥ የለም። ሽምብጥ አካባቢ የድሮ መኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አሉ፤ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አምፖሉን ቀየርኩት፤ ያው ነው» አልኳቸው።

«አምፖሉ ምን አደረገህ ልጄ? የሚደርሰው መብራት እኮ በመንገድ አልቆ ነው። መንገዱን ለካው» አሉኝ።

ለካሁት። እውነታቸውን ነበር። የእኔ መኪና 1970 (እ.ኤ.አ.) የተሠራች ቮልስ 1300 ናት። መመሪያውን የጻፍኩት በእሷ ላይ የሠራሁትን ይዤ ነው። ሐሳቡ ግን ለድሮ ፊያትም፣ ለፔዦም፣ ለላንድሮቨርም ያው ነው። የሽቦው ቀለምና መተላለፊያው ብቻ ይለያያል።

መብራቱ ለምን ይደክማል?

የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ከረንቱ ከዚያ ተነስቶ ቀጭን ሽቦ ይዞ እስከ ዳሽቦርድ ይመጣል። በመብራት ማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ ያልፋል። ከዚያ አጭርና ረጅም መብራት ወደሚያቀያይረው ይገባል። ከዚያ ፊውዝ፣ ከዚያ አምፖል፣ ከዚያ በማሳ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር በተያያዘው የመኪናው ብረት) በኩል፣ በቦዲው ይመለሳል። ሁለቱ አምፖሎች 55 ዋት ቢሆኑ ከ9 አምፔር በላይ ይፈልጋሉ። ይህ ሁሉ ከረንት ከ50 ዓመት በላይ በጣት ሲሳብ በኖረ ማብሪያ ውስጥ ነው የሚያልፈው።

በየመገናኛው ትንሽ ትንሽ ቮልት ይቀራል። የቀረው ደግሞ ሙቀት ሆኖ ማብሪያውን ያበስለዋል። የእኔን ማብሪያ ፈትቼ ሳየው ፕላስቲኩ እንደተቆላ ቡና ጠቁሮ ነበር። አንደኛው የመዳብ ምላስ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ስነካው ፕላስቲኩ ፍርክስ አለ።

የአምፖል ጠባይ ደግሞ ክፉ ነው። ቮልቱ 10 በመቶ ሲጎድል ብርሃኑ 10 በመቶ ቀንሶ አይቆምም፤ 30 በመቶ ያህል ይጎድላል። ስለዚህ ሁለት ቮልት ጎደለ ማለት ግማሽ ዓይን ጠፋ ማለት ነው።

ሪሌ ይህን መንገድ ያሳጥራል። ሪሌ ማለት በትንሽ ከረንት የሚታዘዝ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ወፍራም ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ሪሌው ዘንድ ይመጣል። የድሮው ማብሪያ ሪሌውን «ክፈት» ብሎ ያዘዋል እንጂ የአምፖሉን ጭነት አይሸከምም። ሪሌውን ለማዘዝ የሚያስፈልገው 0.15 አምፔር ገደማ ነው። ያረጀው ማብሪያችሁ ለዚያ አያንስም።

ከመግዛት በፊት ለኩ

ይህን እንዳትዘሉት። ብዙ ሰው ሪሌ ገጥሞ «ምንም አልጨመረም» ይላል። ችግሩ ማሳው ላይ ከነበረ በእርግጥም አይጨምርም።

መጀመሪያ መኪናችሁ ስንት ቮልት እንደሆነ እወቁ። በጣም የድሮዎቹ ቮልሶች 6 ቮልት ናቸው። የባትሪውን ክዳኖች ቁጠሩ። 3 ከሆኑ 6 ቮልት ነው፤ 6 ከሆኑ 12 ነው። ይህ መመሪያ ለ12 ቮልት ነው። የ12 ቮልት ሪሌ በ6 ቮልት መኪና ላይ አይሠራም።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነሱ። የቮልስ ዲናሞ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ብዙም ስለማይሞላ ነዳጅ ትንሽ ሰጥታችሁ ያዙት። ረዳት ካለ ይህን እሱ ይያዝ። አጭር መብራት አብሩ። መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ባትሪው ላይ ለኩ። ከዚያ አምፖሉ ሶኬት ላይ፣ አምፖሉ እንደተሰካና እንደበራ፣ ለኩ። አምፖሉን ነቅሎ ባዶ ሶኬት መለካት ያታልላል። ከረንት ካልሄደ ቮልቱ አይጎድልምና።

የእኔ ባትሪው ላይ 13.4፣ አምፖሉ ላይ 11.2 አለ። 2.2 ቮልት ጠፍቷል።

የት እንደጠፋ ለማወቅ 6 ሜትር ተራ ሽቦ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ቆንጥጡ። ሌላውን ጫፍ ከመልቲሜትሩ ቀይ ዘንግ ጋር አያይዙ። ጥቁሩን ዘንግ ይዛችሁ በከረንቱ መንገድ እየተከተላችሁ ነካ ነካ አድርጉ። መልቲሜትሩ እዚያ ድረስ የጠፋውን ቮልት ይነግራችኋል። እኔ ያገኘሁት ይህን ነው። ከባትሪ እስከ ማብሪያው 0.5፤ ማብሪያው ውስጥ 0.6፤ አጭርና ረጅም ቀያሪው ውስጥ 0.3፤ ፊውዙ ጫፎች ላይ 0.2፤ ከፊውዝ እስከ አምፖል 0.1። ቀሪው 0.5 ማሳው ላይ ነበር። ማሳውን የምትለኩት አንዱን ዘንግ አምፖሉ ቡናማ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጋችሁ ነው። ከ0.2 በላይ ካነበበ ማሳው መታደስ አለበት።

ጠቅላላ የጠፋው ከ0.5 ቮልት በታች ከሆነ ሪሌ አያስፈልጋችሁም። ገንዘባችሁን ለአምፖልና ለመስታወት አውሉት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

12 ቮልት፣ 40 አምፔር፣ ባለ አራት እግር ሪሌ፣ ሁለት። አንዱ ለአጭር፣ አንዱ ለረጅም። ከነመቀመጫ ሶኬቱ ግዙ። 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ቀይ ሽቦ 6 ሜትር። 2.5 ጥቁር ሽቦ ለአምፖሎቹ ማሳ፣ 1.5 ደግሞ ለሪሌው ማዘዣ። 25 አምፔር ፊውዝ ከነማቀፊያው። 6.3 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ካፖኮርዳ (ሽቦ ጫፍ ላይ የሚጨመቅ ማያያዣ) እና ለማሳ የሚሆን ክብ ካፖኮርዳ። መጭመቂያ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሲሞቅ የሚሸበሸብ ላስቲክ ቱቦ፣ ቫዝሊን።

ስለ ሽቦው ጠበቅ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። የቤት ሽቦ አትጠቀሙ። የቤት ሽቦ አንድ ወፍራም ዘንግ ነው። መኪና ይንቀጠቀጣል፤ ዘንጉ ውሎ አድሮ ካፖኮርዳው አፍ ላይ ይሰበራል። የምትፈልጉት ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉትን ነው። ሌላው ማታለያ ላዩን መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ሱቁ ውስጥ እንዳላችሁ አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ አድርጉ። ነጭ ከታየ መልሱት። ክብደቱም ይናገራል፤ መዳብ ከበድ ይላል። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት እንዲህ ያለው ነበር። ገጥሜው ለካሁት፤ 0.2 ይጠፋል ብዬ ያሰብኩት ሽቦ ከዚያ አልፎ በላ። ሙሉውን አውጥቼ እንደገና ዘረጋሁ።

ከተፈታታ መኪና የወጣ ሪሌም ይሠራል፤ ግን ፈትኑት። እግሮቹ ላይ ቁጥር አለ፤ ሥራቸውን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። 85ን እና 86ን ባትሪ ላይ ስታገናኙ «ቀጭ» ማለት አለበት። ቀጭ ሲል በ30 እና በ87 መካከል መልቲሜትሩ ዜሮ ኦም ገደማ ያንብብ። አምስት እግር ያለው ከሆነና መሀለኛዋ 87a ከሆነች ባዶዋን ተዉአት፤ ምንም እንዳይነካት ግን ሸፍኗት። ሪሌው ሲያርፍ ከረንት የሚሰጠው በእሷ ነው።

ሥራው

ሁሉም ነገር የሚጀምረው የባትሪውን ኔጋቲቭ በመፍታት ነው። በቮልስ ላይ ይህ ከሌላው መኪና ይብሳል። ባትሪው በላዩ ላይ የወንበር ሽቦ ምንጭ አለበት፤ ሰው ሲቀመጥ ምንጩ ወርዶ ፖሉን ሊነካ ይችላል። ክዳኑ ከጠፋ ዛሬውኑ ወፍራም ላስቲክ አልብሱት። ከፊት በኩል ደግሞ ኮፈኑ ሥር የቤንዚን ታንኩ አለ። እዚያ አካባቢ መበየድ፣ ሲጋራ፣ ክብሪት አይታሰብም። መጨመቅ ያለበትን ውጭ ጨምቃችሁ ይዛችሁ ግቡ።

ዋናውን ቀይ ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ አስነሱ። ፊውዙ ከባትሪው ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ አይራቅ። ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ቢላጥ የሚያቆመው ነገር የለምና። ፊውዙን ግን እስከ መጨረሻው አትክተቱ። ሽቦውን በፕላስቲክ ቱቦ አልብሳችሁ በቀኝ በኩል፣ ምንጣፉ ሥር፣ የበሩን ደፍ ተከትላችሁ ወደ ፊት ዘርጉት። ደፉን ራሱን አትብሱት፤ በውስጡ የማሞቂያው ትኩስ አየር ይሄዳል። የወንበሩ ሐዲድ የሚረግጠው ቦታ ላይም አታሳልፉት። በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ሁሉ ላስቲክ አልብሱት።

አሁን ኮፈኑን ክፈቱ። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን የካርቶን መከለያ አንሱ። የማብሪያው ጀርባ፣ የፊውዝ ሳጥኑ፣ ሁሉም እዚያ ይታያል። ሪሌዎቹን በግራ በኩል፣ ከታንኩና ከነዳጅ መሙያው ርቀው፣ በቡሎን እሰሩ። እግራቸው ወደ ታች ይሁን፤ ውሃ ቢገባ እንዲወርድ። የባሕር ዳርን ክረምት የሚያውቅ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል። የጣና እርጥበት ሌሊቱን ኮፈን ሥር ያድራል።

የሪሌው እግሮች ሥራ እንዲህ ነው። 30 ከባትሪው የመጣው ወፍራም ቀይ ነው፤ ለሁለቱም ሪሌዎች ይከፈላል። 85 ማሳ ነው። 86 ትእዛዙ የሚመጣበት ነው። 87 ወደ አምፖል የሚወጣው ነው።

ትእዛዙን የምናገኘው ፊውዝ ሳጥኑ ላይ ነው። በጀርመን አሠራር ለአጭር መብራት ቢጫ ሽቦ፣ ለረጅም ነጭ ሽቦ፣ ለማሳ ቡናማ ነው። ከቀያሪው ወጥተው ወደ ፊውዞቹ የሚገቡትን ቢጫና ነጭ ፈልጉ። ቀለሙን ብቻ አትመኑ። በ50 ዓመት ውስጥ ስንት እጅ ነክቶታል! ባትሪውን ለአፍታ መልሱ፤ አጭር አብርታችሁ በመልቲሜትር አረጋግጡ፤ ረጅሙንም እንዲሁ። ከዚያ ኔጋቲቩን እንደገና ፍቱ።

ያገኛችሁትን ቢጫ ከፊውዝ ሳጥኑ ንቀሉና የአንደኛው ሪሌ 86 ላይ ሰኩት። ከዚያው ሪሌ 87 አዲስ የ2.5 ሽቦ አውጥታችሁ ቢጫው ተነቅሎ በወጣበት ቦታ ሰኩ። ነጩንም በሁለተኛው ሪሌ እንዲሁ። አለቀ። ከፊውዝ ወደ አምፖሎቹ የሚሄዱት የድሮ ሽቦዎች ባሉበት ይቆያሉ። እያንዳንዳቸው አንድ አምፖል ብቻ ስለሚመግቡ አይጨናነቁም። ፊውዞቹም እንደ ቀድሞው አምፖሎቹን ይጠብቃሉ። ሰማያዊዋ የረጅም መብራት ጠቋሚም ትሠራለች።

ይህን አካሄድ የምወደው ምንም ሽቦ ስለማይቆረጥ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሪሌው ቢሞት ቢጫውን ነቅላችሁ የድሮ ቦታው ላይ ትሰኩታላችሁ። መብራታችሁ ደካማ ይሆናል፤ ግን ቤታችሁ ትገባላችሁ።

የግራና የቀኝ አጭር መብራት ሁለት ፊውዝ ላይ ናቸው። መግቢያቸው በትንሽ ብረት የተያያዘ መሆኑን ተመልከቱ። ካልተያያዘ ከ87 ሁለት ሽቦ አውጡ።

የፊውዝ ሳጥኑን እግረ መንገዳችሁን አጽዱ። ጥይት የሚመስሉትን ፊውዞች አውጡ፤ የሚይዛቸውን ምላስ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ፈትጉ፤ ምላሱን ትንሽ አጥብቁ። ነጩ 8 አምፔር ነው፤ ቀዩ 16። ለመብራት ነጩ ይበቃል። ፊውዝ ሲቃጠል በሲጋራ ወረቀት ብር ጠቅልሎ የሚመልስ ሰው አይቻለሁ። ከታንክ ጎን እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም።

ማሳ

ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። የቮልስ የፊት መብራት የሚቀመጠው ፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ብረት) ላይ ነው። ፓራፋንጎው ከቦዲው ጋር በቡሎን የታሰረ ነው፤ በመካከላቸው ላስቲክ አለ። ቡሎኖቹ ከዛጉ የአምፖሉ ከረንት የሚመለስበት ያጣል። ከእያንዳንዱ አምፖል ማሳ እግር የ2.5 ሽቦ አውጡ። ኮፈኑ ሥር ቀለሙ በተፋቀ ንጹሕ ብረት ላይ በክብ ካፖኮርዳና በዳዶ እሰሩት። ብረቱ እስኪያበራ ፈትጉት። የሪሌዎቹን 85ም እዚያው ውሰዱት። ካሰራችሁ በኋላ ቫዝሊን ቀቡት። ቫዝሊኑ የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ነው፤ እርጥበት እንዳይገባ ለመከላከል።

ካፖኮርዳ መጭመቅ ላይ አትቸኩሉ። ሽቦውን 6 ሚሊ ሜትር ያህል ላጡ። ክሮቹን በጣት ጠምዝዙ፤ አንዲትም ክር ውጭ አትቅር። በመጭመቂያው ጨምቁና በኃይል ሳቡት። ከወጣ የተጨመቀ አልነበረም። ናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ መተው በእኛ ሙቀት አይሆንም፤ ማጣበቂያው ቀልጦ ይፈታል። ላስቲክ ቱቦውን አልብሳችሁ በሙቅ አየር አሸብሽቡት። ይህንንም ከመኪናው ውጭ።

ፍተሻ

ዋናውን ፊውዝ ሳትከቱ ኔጋቲቩን መልሱ። በፊውዙ ቦታ ትንሽ የሙከራ አምፖል አስገቡ። ሁሉም ጠፍቶ እያለ እሷ ከበራች የሆነ ቦታ ሽቦ ማሳ ነክቷል፤ ፈልጉት። ካልበራች ፊውዙን ክተቱ። አጭር አብሩ፤ «ቀጭ» ይሰማችኋል። ረጅም አብሩ፤ ሌላኛው ቀጭ ይላል።

እንደገና ለኩ። የእኔ ባትሪው ላይ ያው 13.4፣ አምፖሉ ላይ 12.9 ሆነ። ሩብ ሰዓት አብርታችሁ ሪሌዎቹንና ካፖኮርዳዎቹን በእጅ ዳስሱ። ሪሌው ሞቅ ማለቱ ያለ ነው። እጅ የሚያቃጥል ካፖኮርዳ ካለ ግን አልተጨመቀም።

«መብራቱ ካማረ 100 ዋት አምፖል ልግጠም» የሚል ይኖራል። አይሆንም። የእኔ ዓይነት ዲናሞ አቅሙ 30 አምፔር ነው። በከተማ ሲጓዙ ያንንም አይሰጥም። ባትሪያችሁ ያልቃል፤ የመብራቱም ማንጸባረቂያ በሙቀት ይበላሻል። 60/55 (ረጅሙ 60፣ አጭሩ 55 ዋት) ይበቃል።

አንድ ነገር አትርሱ፤ መብራቱን አስተካክሉ። ደብዛዛ መብራት ቢጣመምም ማንንም አይጎዳም ነበር። አሁን ግን የባጃጅ ሹፌሩን ዓይን ያጠፋል፤ ባጃጅ ደግሞ በከተማችን በየእርምጃው አለ። ሜዳ ቦታ ላይ ከግንብ 5 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ። የአምፖሉን መሀል ከፍታ ግንቡ ላይ በጠመኔ አስምሩ። የአጭር መብራቱ የላይኛው ጠርዝ ከመሥመሩ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። የጎማውን ንፋስ ሞልታችሁ፣ ሹፌር ተቀምጦ ይሁን።

ሞተሪኖ ሲሞቅ እንቢ የሚላችሁ ከሆነ

ቮልስ ያለው ሰው ይህን ያውቃል። ከቲስ አባይ ተመልሳችሁ ሞተሩ ግሎ እያለ ታጠፋላችሁ። ቁልፉን ስታዞሩ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) «ጠቅ» ብቻ ይላል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይነሳል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያው ነው። የማስነሻው ትእዛዝ ከቁልፉ እስከ ሞተሪኖው ሲመለስ ቮልቱ ይደክማል። አንድ የ40 አምፔር ሪሌ ሞተሪኖው አጠገብ ግጠሙ። የሞተሪኖው 50 የሚባለው እግር ላይ ይመጣ የነበረው ሽቦ ወደ ሪሌው 86 ይሂድ። 30ው ከሞተሪኖው ወፍራም ፖዘቲቭ ይምጣ። 87 ወደ 50 ይግባ። 85 ማሳ። የዚህ ሥራ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ከመጀመራችሁ በፊት ማርሹን ባዶ አድርጉ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ኔጋቲቩን ፍቱ።

የካርቶን መከለያውን ከመመለሳችሁ በፊት የሠራችሁትን በወረቀት ላይ ሳሉት። የትኛው ሪሌ አጭር፣ የትኛው ረጅም፣ ዋናው ፊውዝ የት እንዳለ ጻፉ። ቀኑንም ጻፉበት። በላስቲክ ሸፍናችሁ መከለያው ጀርባ ላይ ለጥፉት። እኔ ሳነሳው ከእኔ በፊት የነበረው ሰው በእርሳስ የጻፋት አንዲት መሥመር አግኝቼ ነበር። «ነጩ የቀኝ ፍሬቻ ነው» ትላለች። በዚያች መሥመር ምክንያት ነው ነጭ ሽቦ ሁሉ የረጅም መብራት እንዳልሆነ ያወቅኩት።